«ሥዕል እዚህ አገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ከመንዝ ለጻፈችልን ወጣት ሠዓሊ

የዛሬዋ ጠያቂያችን የ20 ዓመት ወጣት ናት። የምትኖረው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ።

«12ኛ ክፍልን ባለፈው ዓመት ጨረስኩ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እስላለሁ። ሰዎች ጉርድ ፎቶ ያመጡልኛል፣ እኔ በእርሳስ አሳድጌ እሠራላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብሎ ይሄዳል። አባቴ አካውንቲንግ ተማሪ ይለኛል። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ደግሞ ‹እዚህ ነይና ሥዕልሽን ሽጪ› ትላለች። ልሂድ ወይስ ልቆይ? ሥዕል እዚህ አገር እንጀራ ይሆናል ወይ? እንደኔ ያለውን የገጠር ልጅስ ማን ይደግፋል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለሥዕሎችሽ ልናገር። የላክሻቸውን ሁሉ ደጋግሜ አየኋቸው። አብዛኞቹ ከፎቶ የተገለበጡ የሰው ፊቶች ናቸው። እጅሽ ጥሩ ነው። ጥላና ብርሃኑን ታውቂበታለሽ፣ መልኩንም አትስቺም። እኔን ያስቆመኝ ግን እናትሽ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ የሳልሽው ነው። ፊታቸው ግማሹ በነጠላ ተሸፍኗል። እጃቸው ግን ወለል ብሎ ይታያል። የአውራ ጣታቸው አያያዝ፣ እየቀጠነ የሚወርደው ክር፣ ከታች የተንጠለጠለው እንዝርት። ይህን ከፎቶ አልገለበጥሽውም። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እያየሽ ነው የሳልሽው፣ መስመሩ ያስታውቃል። ክርኑ ላይ ተሳስተሽ አርመሻል። እርማቱን አታጥፊው፣ የሚፈትንሽ መምህር ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሥዕል እንጀራ ይሆናል፣ ግን መሐል ሜዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሎ ገዢ የሚጠብቅ ሥዕል እንጀራ አይሆንም። እንጀራ የሚሆነው የታዘዘ ሥራ ነው። ስለዚህ አካባቢሽ ላይ ማን ምን ሊያዝሽ እንደሚችል አብረን እንይ።

ጉርድ ፎቶውን ቀድመሽ አግኝተሽዋል። ሰው የሟች እናቱን ትንሽ ፎቶ ይዞ ሲመጣ የሚፈልገው ማስታወሻ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ይከፍላል። ለሙት ዓመት፣ ለሠርግ ስጦታ፣ ለምረቃ ይፈለጋል። ከመንዝ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ሞልቷል። ፎቶውን በቴሌግራም ይልክልሻል፣ ቀብዱን በቴሌብር ያስገባል፣ ሥራው ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ይሁን፦ ግማሹ ቀብድ ሳይገባ እርሳስ አይነሳም። ለወዳጅ ዘመድም ቢሆን። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚሉሽ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ዋጋ ስላልነገርሻቸው ነው። የወረቀቱን፣ የእርሳሱንና የጊዜሽን ሒሳብ ደምረሽ ዋጋውን በመጠን በመጠን ጻፊ። አንዴ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንቺም ለመናገር አታፍሪም፣ ሰውም አይከራከርም።

ሁለተኛው ገዢ ትምህርት ቤት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት (ሙዚቃ፣ ትያትር፣ ሥዕልና የመሳሰሉት) ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ብዙ ቦታ ግን የሚያስተምረው በሌላ ሙያ የሠለጠነ መምህር ነው። መርጃ መሣሪያም የለውም። የትምህርት ቤት ግድግዳ ደግሞ ፊደል ገበታ፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ይፈልጋል። አንቺ ጉርድ ፎቶ የምታሳድጊው ካሬ ካሬ እያሰመርሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ካርታም ግድግዳ ላይ የሚወጣው እንደዚያው ነው። ወረቀቱ ላይ ካሬ ታሰምሪያለሽ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተነከረ ክር ወጥረሽ ትልልቁን ካሬ ታወጪያለሽ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መሙላት ነው። ክፍያው ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ወይም ከስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ) ሊወጣ ይችላል፣ በወላጅና መምህራን ኅብረት በኩልም መጠየቅ ይቻላል። በመጀመሪያ በተማርሽበት ትምህርት ቤት ጀምሪ፣ የሚያውቁሽ መምህራን እዚያ አሉ።

ታፔላን ባነር ማተሚያ ወስዶታል፣ በእሱ ብዙ አትድከሚ። የቆርቆሮ በር ላይ ጽሑፍና የሱቅ ግድግዳ ግን አሁንም በእጅ ይሠራል። ከመጣ ሥሪ።

ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ስለ ጠጉሩ ነው። አንቺ ያለሽው የባና፣ የዝተትና የበርኖስ፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሸመን ነገር ሁሉ አገር ነው። እናትሽ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ጎረቤት አለ። ጥቁሩ፣ ቡኒው፣ ግራጫውና ነጩ ጠጉር ቀለም ሳይነካው ከበጉ ይመጣል። የጎደለው ንድፍ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የበግ ጠጉር ምንጣፍ በእጅ የሚሠሩ አሉ። በእጅ ለሚቋጠር ምንጣፍ ንድፍ የሚወጣው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነው፣ አንዷ ካሬ አንዲት ቋጠሮ ናት። ይህን ሥራ የሚችል ሰው መሳልም ክርም ማወቅ አለበት። አንቺ ሁለቱንም በቤትሽ አግኝተሻል። አንድ ትንሽ ንድፍ አውጪ፣ ከአራቱ የተፈጥሮ ቀለማት ሳትወጪ። ከአንድ ባለሙያ ጋር ተስማሚና ለናሙና አሠሪው። አንጋፋው ሠዓሊ ለማ ጉያ የታወቁት በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል ነው፣ ቢሾፍቱ ላይም የራሳቸውን የሥዕል ሙዚየም አቁመዋል። ቆዳ በየቤቱ የነበረ ነገር ነው። እሳቸው ግን ሥዕል አደረጉት። የመንዝ ጠጉርም በአንቺ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል በጣም ጓጉቻለሁ።

አሁን ወደ አዲስ አበባው። አክስትሽ የሚሉት ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ሥዕል ይዘሽ ብትወርጂ መጀመሪያ የሚገጥምሽ የቤት ወጪ ነው። ከዚያ ለስጦታ ዕቃ መደብር አንድ ዓይነት ሥዕል በቁራጭ እየገለበጡ መስጠት ይመጣል። ያንን ሥራ አልንቅም፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበት አሉ። በ20 ዓመትሽ፣ ገና እጅሽ ሳይፈታ ከገባሽበት ግን ለራስሽ የምትስዪበት ጊዜ አይተርፍሽም። ስለዚህ አትሂጂ አልልሽም፣ በቀጠሮ ሂጂ።

ቀጠሮው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይሁን። ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት ነው። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የሕትመት ጥበብ፣ ኢንዱስትሪያል ዲዛይንና የሥነ ጥበብ መምህርነት ይማሩበታል። ለመግባት የተግባር ፈተና አለው። ፊትሽ የተቀመጠውን አይተሽ መሳል ነው የሚጠበቅብሽ፣ ለዚህ ነው የእናትሽን ሥዕል አጥብቄ የያዝኩት። በዲግሪ ለመማር ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት ያስፈልግሻል። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ እበድልሻለሁ። በግል ተፈታኝነት ተመዝገቢና እንደገና ተቀመጪ። ጠዋት ጥናት፣ ከሰዓት ሥዕል። ከባድ ዓመት ይሆናል፣ ግን አንድ ዓመት ነው። የዘንድሮውን የመግቢያ መስፈርት አክስትሽ ስድስት ኪሎ ሄደው በአካል ይጠይቁልሽ፣ ሊረዱሽ ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ እርዳታ የለም። ካልተሳካ ደግሞ ደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደሽ በዚያ ዓመት በሽመናና በልብስ ሥራ ምን እንደሚሰጡ ጠይቂ። ለምንጣፉ ንድፍ በቀጥታ ይጠቅምሻል።

«ማን ይደግፋል?» ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከአገርሽ ሰዎች የአንኮበሩን ልጅ አፈወርቅ ተክሌን ታውቂያቸዋለሽ፣ አዲስ አበባ ባለው አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም መስታወት የሠሩት ናቸው። እሳቸውም በተሰጥኦ ብቻ አልወጡም። መንግሥት ለማዕድን ምህንድስና ወደ እንግሊዝ ልኳቸው ነው ወደ ሥነ ጥበብ የዞሩት። በኋላም የአዳራሹን ሥራ ያዘዛቸው አካል ነበር። የላካቸውም ያሠራቸውም ባይኖር ያን መስታወት ዛሬ አናየውም ነበር።

ስለዚህ ለወረዳ ባለሙያዎችም ይህን ብያቸው ልለፍ፣ ይህን ዓምድ የሚያነቡ እንዳሉ አውቃለሁና። የአንድ ቀን ባዛርና የምስጋና ወረቀት ለገጠር ወጣት ሠዓሊ ድጋፍ አይሆንም። ድጋፍ ማለት ትዕዛዝ ነው፣ ከነክፍያው። የጽሕፈት ቤታችሁ ግድግዳ ባዶ ነው። የእንግዳ ስጦታ ከከተማ ታስመጣላችሁ። ለወጣት ከተሠራው ሼድ አንዷን ክፍል ለሥዕልና ለሽመና ንድፍ ስጡ። ልጆቹ አጠገባችሁ ናቸው፣ ሥሩልን በሏቸው።

አንቺም ቁጭ ብለሽ አትጠብቂያቸው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከተደራጃችሁ በወረዳው የሥራ ዕድል ፈጠራ በኩል መሥሪያ ቦታና ብድር መጠየቅ ትችላላችሁ። ብድሩን ግን ቋሚ ትዕዛዝ ሳይኖርሽ አትንኪው። ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ስትሄጂ ሥራሽን ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅሽን ማመልከቻ ብቻ አታስገቢ።

ንድፍ መሸጥ ስትጀምሪ ደግሞ መብትሽን እወቂ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሳልሽው ነገር ላይ መብት የሚኖርሽ ከሳልሽው ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ለዚያ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። አንድ ልብ የምትይው ነገር ግን አለ። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለመብቱ ያሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ንድፍ ለምንጣፍ ሠሪ ስትሰጪ በአንዲት ገጽ ወረቀት ላይ «የንድፉ መብት የሠዓሊዋ ነው፣ ለዚህን ያህል ምንጣፍ ብቻ ይሠራበታል» ብላችሁ ተፈራረሙ። ሁለት ምስክር ካለ በጣም አሪፍ ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ አትጋጪያቸው። እሳቸው የፈሩት ሥዕሉን ሳይሆን ልጃቸው ገቢ ሳይኖራት እንዳትቀር ነው። እኔም አባት ብሆን እፈራ ነበር። አንድ ደብተር ያዢ። ማን አዘዘ፣ ስንት ከፈለ፣ ለቀለምና ለወረቀት ስንት ወጣ፣ ምን ተረፈ። በየወሩ መጨረሻ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ደምሩት። ሒሳብ እንድትማሪ ከፈለጉ ያችን ደብተር በደንብ ለመያዝ የሚጠቅምሽን ያህል ተማሪ። ለሠዓሊ ገቢና ወጪ ማወቅ ትርፍ እውቀት አይደለም።

እስከ ጥር ድረስ ከዕይታ የተሳሉ 10 ሥራዎች ላኪልኝ። ሸማኔው ሲሠራ፣ ገበያው፣ በጎች ሲሸለቱ፣ የምትፈልጊውን። ፎቶ ስታነሺያቸው በር ላይ በቀን ብርሃን አንሺያቸው፣ ፍላሽ አትጠቀሚ። ርዕሰ መምህሩን ከማነጋገርሽ በፊት ደግሞ ሜትር ይዘሽ ሄደሽ የግድግዳውን ልኬት ውሰጂ፣ ቀለሙ ስንት ጣሳ እንደሚበላና ስንት ብር እንደሆነ ሱቅ ጠይቂ። «ስንት ትጠይቂናለሽ?» ሲሉሽ ወዲያው የምትናገሪው ቁጥር ይኑርሽ።