የአማኖ ሽሪምፕ እጮች ለምን ያልቃሉ?

ጥያቄ፦ አኳሪየሜ (የመስታወት ገንዳዬ) ውስጥ አማኖ የሚባሉት ትናንሽ ሽሪምፖች እንቁላል ይይዛሉ፣ እጮቹም (ግልገሎቹም) ይፈለፈላሉ፤ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ አንድም አይተርፍም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጎደለው ጨው ነው። የአማኖ እጭ በተፈጥሮው ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር ይወሰዳል፤ እዚያ ያድግና ተመልሶ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ እንቁላል የያዘችውን ለብቻዋ አድርጋት። ሲፈለፈሉ ማታ መብራት አጥፍተህ በአንድ ጥግ ባትሪ ብታበራ፣ ነቁጥ የሚያካክሉት እጮች ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፤ በቀጭን ቱቦ ሳባቸውና በሊትር 30 ግራም ገደማ የአኳሪየም የባሕር ጨው ወዳለው ውሃ አዛውራቸው። የወጥ ቤቱን ጨው ተወው። ምግባቸው በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) እንዳታስገባ፣ ጠርጎ ይወስዳቸዋል፤ ቀስ ያለ የአየር አረፋ ይበቃል። ከወር በላይ ቆይተው ትናንሽ ሽሪምፕ ሲሆኑ ወደ ጨው አልባው ውሃ ትመልሳቸዋለህ። ጣጣው ከበዛብህ ቼሪ የሚባለውን ሌላ የሽሪምፕ ዓይነት ግዛ፣ እጮቿን ለማሳደግ ጨው አትፈልግም።