ለቅሶ ቤት የሚመታ ከበሮ፦ ስለ ጋሪፉና ዘፈንና ተረት ጥያቄና መልስ

ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ስኖር ጎረቤቶቼ ጋሪፉናዎች ነበሩ። ከበሮአቸውን መጀመሪያ የሰማሁት በግድግዳ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ መጠየቅና ማንበብ አላቆምኩም። ስለ ካሪቢያን ነባር ሕዝቦችና ስለ አፍሪካ ዘሮች ዘፈንና ተረት ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። መልሶቼ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሪፉናዎች ጥቁሮች ናቸው ወይስ ቀይ ሕንዶች?

ሁለቱንም ነው የሆኑት። ቅድመ አያቶቻቸው በካሪቢያኗ ሴንት ቪንሰንት ደሴት የነበሩ ነባር ሕዝቦች፣ ካሊናጎዎች (ካሪቦች የሚባሉት) እና አራዋኮች፣ ከእነሱም ጋር ተጋብተው የኖሩ አፍሪካውያን ናቸው። እንግሊዞች ደሴቱን ለሸንኮራ እርሻ ፈለጉት። እነሱ ደግሞ አንሰጥም ብለው ተዋጉ። መሪያቸው ሳቱዬ በ1795 ተገደለ። ከሽንፈቱ በኋላ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች ባሊሶ በምትባል ደረቅ ደሴት ላይ ታጎሩ። ግማሽ ያህሉ እዚያው በበሽታና በረሃብ አለቁ። የተረፉት በመርከብ ተጭነው አፕሪል 12፣ 1797 ሆንዱራስ አጠገብ ሮአታን ደሴት ላይ ተራገፉ። ዛሬ በሆንዱራስ፣ በቤሊዝ፣ በጓቲማላና በኒካራጓ ይኖራሉ። ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስም ብዙ አሉ።

ይህን ታሪክ አስቀድሜ የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሪፉናዎች ያለፈባቸውን ያኖሩት በወረቀት ሳይሆን በዘፈን ነው።

ወንድና ሴት የተለያየ ቋንቋ ይናገራሉ የሚባለው እውነት ነው?

ቋንቋው አንድ ነው፤ አንዳንድ ቃላት ግን ይለያያሉ። «እኔ» ለማለት ወንዱ «አው» ይላል፣ ሴቷ «ኑጉያ» ትላለች። የወንዱ ቃል ከካሪብ፣ የሴቷ ከአራዋክ የመጣ ነው። ቁጥር ሲቆጥሩ ደግሞ እስከ ሦስት በራሳቸው ቃል ሄደው፣ ከአራት ጀምሮ ፈረንሳይኛ ይገባል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። ታሪኩን ባታውቂ እንኳ ሲቆጥሩ ሰምተሽ ከማን ጋር እንደኖሩ ትደርሺበታለሽ።

ለቅሶ ቤት ይጨፍራሉ ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩ። ሟቹን መናቅ አይደለም?

አይደለም እህቴ። እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ነበር የመሰለኝ።

ሰው ከሞተ በኋላ የዘጠነኛው ሌሊት ዝግጅት «ቤሉሪያ» ይባላል። ጸሎት አለ፤ ጋሪፉናዎች በብዛት ካቶሊኮች ናቸው። ምግብ አለ፤ መጠጥ አለ። ከዚያ ከበሮ ይመታና «ፑንታ» ይጀመራል። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ትከሻ ጸጥ ይላል፤ ወገብና እግር ብቻ ይሠራል። የመፈላለግ ጭፈራ ነው። ሞት ወደ ገባበት ቤት ሕይወትን መልሰው የሚጠሩበት መንገድ ነው።

ግጥሙን ስሚው ግን። ዜማው ፈጣን፣ ደስ የሚል ነው፤ ቃሉ ብዙ ጊዜ ኀዘን ነው። እናቴ ሞተችብኝ፣ ብቻዬን ቀረሁ፣ ባሌ ትቶኝ ሄደ የሚሉ ናቸው። ከግጥሞቹ ብዙዎቹን ያወጡት ሴቶች ናቸው። የመንደሩን ሐሜትና ተግሣጽም እዚያው ይከቱታል። ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብደው ነገር በዘፈን ይነገራል።

ተረቱም የሚነገረው እዚያው ሌሊት ነው። «ኡራጋ» ይሉታል። ተራኪው በመሀል ዜማ ያስገባል፤ ሰዉ ይቀበለዋል። እንቅልፍ የሚያስፈልገው ሰው ኡራጋ ያለበት ቤት ባይሄድ ይሻላል!

እኛ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለን እንጨርሳለን። እነሱስ?

ከጋሪፉና ወጣ ብዬ ልመልስ፣ ጥያቄው ደስ ስላለኝ። ሃይቲ ውስጥ ተራኪው «ክሪክ?» ይላል፤ ሰሚው «ክራክ!» ይላል። ካልመለሱለት አይጀምርም። ጃማይካ ውስጥ ደግሞ የአናንሲ ተረት ሲያልቅ «ጃክ ማንዶራ፣ ሚ ኖ ቹዝ ኖን» ይባላል። ተራኪው ከሰማችሁት ተንኮል እኔ የለሁበትም ማለቱ ነው። አናንሲ ሸረሪት ነው፤ ከጋና የአካን ሕዝብ ጋር በባሪያ መርከብ የተሻገረ። ትንሽ ነው፣ ደካማ ነው፣ ነብሩን ግን ያታልላል። በባርነት ላይ የነበረ ሰው ይህን ተረት ለምን አጥብቆ እንደያዘው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከበሮአቸው እንዴት ነው የሚሠራው?

ጠንካራ ግንድ ይቦረቦርና የአጋዘን ወይም የሌላ እንስሳ ቆዳ በገመድ ይወጠርበታል። ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ ቀጭን ሽቦ ይዘረጋሉ፤ የሚንዘረዘር ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ትልቁ «ሴጉንዳ» ምቱን ሳይለውጥ ይይዛል። ትንሹ «ፕሪሜራ» እንደ ልቡ ይጫወታል። ማራካ የሚባል የሚንሿሿ ቅልም ይጨመራል።

በገና ሰሞን በሚደረገው «ዋናራጓ» የሚባል ጭፈራ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጨፋሪው ነጣ ያለ ጭንብል አድርጎ፣ ጉልበቱ ላይ ዛጎል አስሮ ይወጣል። ከበሮ መቺው ዓይኑን ከጨፋሪው እግር አይነቅልም፤ የሚከተለው እሱ ነው። ጭንብሉ የእንግሊዝ ጌቶችን መቀለጃ ነው ይላሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ ተዋጊዎቹ እንደ ሴት ለብሰው ወታደሮቹን ያታለሉበት ነው ብለው ይተርካሉ።

ጋሼ፣ የራስታዎች የናያቢንጊ ከበሮ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው?

አይደለም ልጄ፤ ብዙ ሰው ግን እንዲህ ይመስለዋል። ሻሸመኔ የምትሰማው ምት ሥሩ ጃማይካ ነው። ኩሚናና ቡሩ ከሚባሉ የቆዩ አመታቶች የወጣ ነው፤ ኩሚና ደግሞ ከኮንጎ አካባቢ በመጡ ሰዎች የገባ ነው። በኪንግስተን ካውንት ኦሲ የሚባለው ከበሮ መቺ አሳደገው። ሦስት ከበሮዎች ናቸው፦ ቤዝ፣ ፈንዴና ሪፒተር። ፈንዴውን ለይተህ ስማው፤ የልብ ምት ነው። ኢትዮጵያ ያለችው ምቱ ውስጥ ሳይሆን በሚዘመረው ቃል ውስጥ ነው።

ለመስማት ከየት ልጀምር?

ከቤሊዙ ጋሪፉና ዘፋኝ ከአንዲ ፓላሲዮ «ዋቲና» አልበም። በ2007 የወጣ ነው። ትርጉሙ «ተጣራሁ» ማለት ነው። ቀጥለህ በ2008 የወጣውን፣ የጋሪፉና ሴቶች የዘፈኑበትን «ኡማላሊ» አልበም ስማ። ፕሮዲውሰሩ ኢቫን ዱራን ለዓመታት በየመንደሩ እየዞረ የሴቶችን ዘፈን ቀድቷል። እዚያ ውስጥ «ሃቲ» የሚል ዘፈን አለ። በ1961 ቤሊዝን ስላወደመው አውሎ ነፋስ ነው።

ልጆቹ ዛሬ ቋንቋውን ይናገሩታል?

በብዙ ቦታ አይናገሩም። ዩኔስኮ በ2001 ቋንቋውን፣ ጭፈራውንና ሙዚቃውን ባንድ ላይ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ የሰየመው ስጋቱ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ፓላሲዮ ወጣት ሳለ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኒካራጓ ሄዶ፣ ቋንቋውን የሚችሉት ሽማግሌዎች ብቻ ሆነው አገኘ። ቤሊዝም እንዲህ ልትሆን ነው ብሎ ዕድሜውን ለዚህ ሰጠ። በ2008 ጃንዋሪ ላይ፣ ገና በ47 ዓመቱ ሞተ።

ብሮንክስ ያሉት የጎረቤቴ ልጆች እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት። ፑንታ ሲከፈት ግን ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጋሪፉና ይሉታል። አንዷን ትንሽ ልጅ ትርጉሙን ስጠይቃት ወደ አያቷ ሮጠች፤ አያቷም ቴፑን ዘግተው ቃል በቃል ያስረዷት ጀመር።