ካሴት፣ ሲዲ፣ ብሉሬይ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ካራ አካባቢ ካሴት ሳከራይ፣ በኋላም ዲቪዲ ስሸጥና ማጫወቻ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ፊልም ማጫወቻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጋሼ፣ ቤታማክስ የሚባለው የድሮ የቪዲዮ ካሴት ዓይነት ከቪኤችኤስ በጥራት ይበልጥ ነበር ይባላል። ታዲያ ለምን ተሸነፈ?

ሶኒ በ1975 ሲያወጣው አንዱ ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በ1976 የመጣው የጄቪሲው ቪኤችኤስ ግን ሁለት ሰዓት ያዘ። ፊልም በአንድ ሰዓት አያልቅም! ጄቪሲ ደግሞ ሌሎች ድርጅቶችም ዴኩን፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻውን፣ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ገበያው በቪኤችኤስ ተሞላ። በ1988 ሶኒ ራሱ ቪኤችኤስ ዴክ መሥራት ጀመረ። ቤታማክስ የገዛው ሰው ግን የሚከራየው ካሴት እያጣ ሄደ።

ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ አለ። ልጣለው?

አትጣለው፤ ተራ ዲቪዲም ያጫውታል። የሚያናድደኝ ታሪኩ ነው። ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚያሳዩት ሁለቱ የዲስክ ዓይነቶች፣ ኤችዲ ዲቪዲና ብሉሬይ፣ በ2006 ወጡ። በአንድ የመረጃ ንብርብር ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ሲይዝ ኤችዲ ዲቪዲ 15 ይይዛል። የፊልም ድርጅቶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ የሁሉንም ፊልም የፈለገ ሰው ሁለት ማጫወቻ መግዛት ነበረበት። በጥር 2008 የፊልም ድርጅቱ ዋርነር ወደ ብሉሬይ ብቻ መዞሩን ተናገረ። በየካቲት የኤችዲ ዲቪዲ ዋና አምራች ቶሺባ በቃኝ አለ። ብዙ ብር ያወጣው ገዢ አዲስ ፊልም አጣ፤ ይህ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሲፎካከሩ ካየህ አትቸኩል። ብትቸኩል እንኳ የድሮ ዲስኮችህን የሚያነበውን ምረጥ።

ከውጭ የመጣ ዲቪዲ እምቢ አለኝ።

የሽፋኑን ጀርባ እይ። ትንሽ የዓለም ሉል ምልክት ውስጥ ዲስኩ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር አለ፤ ማጫወቻህ የሌላ ክፍል ከሆነ እምቢ ይላል። የአሜሪካ 1 ነው፣ የእኛ 5። ሁሉንም የሚከፍት ማጫወቻ አለ፤ ስትገዛ ዲስኩን ይዘህ ሂድና እዚያው አስሞክር።

የአማርኛ ፊልሞች በሁለት ሲዲ የሚመጡት ለምን ነበር?

አንድ ቪሲዲ (ፊልም የተቀዳበት ሲዲ) 74 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ነው። እባካችሁ እነዚህን ሲዲዎች አትጣሉ። በቪሲዲ ብቻ የወጣ ፊልም ከጠፋ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው ጎን ነው፤ በሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ጽሑፉ ካለበት ጎን ሥር ነው። እዚያ ከተፋቀ አይድንም። ቶሎ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጧቸው።

የእናትና አባቴ የሠርግ ካሴት አለ። በመስኮቱ ሲታይ ክሩ ላይ ነጭ ነገር አለበት። ዴክ ተውሼ ልሞክረው?

እንዳትሞክሪው እህቴ! ሻጋታ ነው። ክሩ ሊበጠስ ይችላል፤ የዴኩን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ያበላሻል፣ ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴትም ይተላለፋል። መጀመሪያ ተፈቶ ይጸዳል፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ተጫውቶ ይገለበጣል። እስከዚያው ከእርጥበት አርቀሽ፣ አቁመሽ አስቀምጪው።