ከቤቴ ጀርባ ጠጠር ይቆፈራል፤ "ፈቃድ አለን" ማለት ይበቃቸዋል?

ጥያቄ፦ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ ጠጠር የሚያመርት ድርጅት ቁፋሮውን እያሰፋ መጥቶ፣ ከግድግዳዬ እስከ ገደሉ ጫፍ አሁን 20 ሜትር አይሞላም። ባለፈው ክረምት አጥሬ ዘመመ፣ መስኮቱ ጥግ ላይም ስንጥቅ ወጣ። ሳነጋግራቸው "ፈቃድ አለን፣ ጥናትም ተሠርቷል" አሉኝ። አሁን ደግሞ ጥቂት ገንዘብ ተቀብዬ "ወደፊት ጥያቄ የለኝም" ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ወረቀቱን አይፈርሙ። እንዲህ ያለ ወረቀት፣ ማለትም ግራ ቀኙ ክርክራቸውን በስምምነት የሚዘጉበት የግልግል ውል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ዛሬ ለስንጥቅ ብለው የተቀበሉት ገንዘብ ነገ ቤቱ ሲናድ አፍዎን ሊያስይዝዎ ይችላል።

"ፈቃድ አለን" የሚለው መልስ የሚያስፈራውን ያህል ክብደት የለውም። ፈቃድ ለመቆፈር እንጂ የጎረቤት ቤት ለማፍረስ አይሰጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2069 የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ካስከተለ፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሥራው በመንግሥት መፈቀዱም ከዚህ ኃላፊነት አያወጣውም። "የናደው ዝናቡ ነው" ቢሉም ቁጥር 2086 መንገዱን ዘግቶታል፤ ጉዳቱን ለመከላከል አቅም አልነበረኝም ብሎ ማምለጥ የለም። የቀረላቸው መከራከሪያ የተጎጂው ጥፋት ነው። ስለዚህ የጣሪያዎ ውሃ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድዎ ወደ ገደሉ የሚሰርግ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ያስተካክሉ። እኔ የነሱ ጠበቃ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነበር።

የጉዳዩ ቁልፍ ግን ተሠራ የተባለው ጥናት ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል፤ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክተው ይጠይቁ። ሲያገኙት የገጹ ብዛት አያስደንግጥዎ። በቅድሚያ ቤትዎ በካርታው ላይ መኖሩን፣ ርቀቱም ከገደሉ ጫፍ እስከ መሠረቱ መለካቱን ይመልከቱ። ተዳፋቱ ባዶ መሬት እንደተሸከመ ተሰልቶ ከሆነ ስሌቱ ስለ እርስዎ አይናገርም፤ ቤቱም፣ ጫፉ ላይ የተከመረው ጠጠርም፣ የሚመላለሰው ገልባጭ መኪናም ክብደት ናቸው። ቀጥሎ "ሴፍቲ ፋክተር" የሚባለውን ቁጥር ይፈልጉ። ተዳፋቱን የሚይዘው ኃይል ቁልቁል ለሚገፋው ኃይል ተካፍሎ የሚገኝ ነው፤ 1 ከሆነ መሬቱ ለመናድ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል ማለት ነው። መሐንዲሶች ለጊዜያዊ ቁፋሮ 1.3 ገደማ፣ ሕንፃ ላለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ይጠይቃሉ።

ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ በየትኛው ወቅት ለነበረው መሬት እንደተሰላ ያረጋግጡ። ልቅ ጠጠር በራሱ የሚረጋው በ30 እና በ40 ዲግሪ መካከል ባለ ተዳፋት ነው። ከዚያ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ባለች ትንሽ እርጥበት ተያይዞ ነው፤ ሲደርቅ ወይም ሲርስ ይፈርሳል። ውሃ ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ሆኖ በውስጡ ሲሰርግ የልቅ ጠጠር ሴፍቲ ፋክተር ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። በበጋ የተሰላ 1.5 በክረምት ምን እንደሚሆን እርስዎም ያሰሉታል።

ማስረጃ መሰብሰቡን ግን ጥናቱ እስኪገኝ አያቆዩት። ስንጥቆቹን አጠገባቸው ማስመሪያ አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ በላያቸውም ጄሶ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም ማለት ነው። ቀያሽ ጠርተው የገደሉን ጫፍ ከቤቱ ጋር ያስለኩ፣ ከወር በኋላም ያስደግሙ። ከሁሉም በላይ ከድርጅቱ ጋር ንክኪ የሌለው የጂኦቴክኒክ (የአፈርና የመሠረት) መሐንዲስ የጽሑፍ ሪፖርት ይያዙ። ስንጥቁ የመጣው ከቁፋሮው ነው ወይስ ከደካማ መሠረት የሚለው ክርክር በባለሙያ ቃል እንጂ በጠበቃ ንግግር አይፈታም።

በቁጥር 2143 የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ ነው። የአጥርዎ ጊዜ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ እየተቆጠረ ነው፤ "በሽምግልና እንጨርሰው" እየተባለ እንዳያልፍብዎት። ከክሱ ጋርም ቁፋሮው በእርስዎ በኩል እንዲቆም የእግድ አቤቱታ ያቅርቡ።

በዚህ መካከል ግቢው ውስጥ ከገደሉ ጫፍ ጋር ትይዩ የሄደ የመሬት ስንጥቅ ካዩ፣ ፍርድ ቤቱን ሳይጠብቁ ቤተሰቡን ያስወጡና ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ ያሳውቁ።