ወንድ ጉርድ ቀሚስ ቢለብስ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለወንድ ተብሎ የተሰፋ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ቀሚስ መልበስ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ስለሚመቸኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ እሑድ ለቅዳሴም እንዲሁ ሄድኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት በር ላይ አስቆሙኝና «ወንድም የሴት ልብስ አይልበስ» የሚለውን የዘዳግምን ቃል (22፥5) ጠቅሰው «እንዲህ ሆነህ አትገባም» አሉኝ። ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። እውነት ኃጢአት ነው? እግዚአብሔር የሚያየው ልብን አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከልብስህ ይልቅ የደነገጥኩት ቅዳሴ መቅረትህን ሳነብ ነው። እመለስበታለሁ።

ይህን ጥቅስ ይዘው የሚመጡ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። አብዛኞቹ ሱሪ የለበሰች እህታቸውን ለመክሰስ ነው የሚመጡት፤ ስለ ወንድ ጉርድ ስጠየቅ ያንተ ሁለተኛው ነው። የሚሳሳቱት ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው። ሙሴ ሱሪና ጉርድን ለይቶ፣ ይሄ ለወንድ፣ ያ ለሴት ብሎ የደነገገ ይመስላቸዋል። በሙሴ ዘመን እኮ የእስራኤል ወንዶች ራሳቸው ቀሚስ ለባሾች ነበሩ!

ያዕቆብ ለሚወደው ልጁ ለዮሴፍ ምን አደረገለት? «በብዙ ኅብር ያጌጠች ቀሚስ» (ዘፍ. 37፥3)። ይህች ልብስ በዕብራይስጡ በዚሁ ስሟ የምትገኘው ሌላ አንድ ታሪክ ላይ ብቻ ነው። እዚያ የለበሰቻት የዳዊት ልጅ ትዕማር ናት (2ሳሙ. 13፥18)። አንዱ የልብስ ስም ለእረኛውም ለልዕልቷም ዋለ። ሱሪ ፈልግ ካልከኝ ደግሞ የካህናቱን አገኝልሃለሁ። እሱም ከወገብ እስከ ጭን የሚደርስ፣ ኀፍረተ ሥጋን መሸፈኛ ነው (ዘጸ. 28፥42)። ዛሬም ካህኑ በቀሚስ ሲቀድስ «የሴት ልብስ ለበሱ» የሚል አልሰማሁም።

ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ሮማውያን ሱሪን የባዕዳን ልብስ ብለው ይንቁት ነበር፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተማቸው ውስጥ እንዳይለበስ በሕግ ከልክለዋል። ኪልት የሚባለው የስኮትላንድ ወንዶች ጉርድ እ.ኤ.አ. በ1746 በወጣ ሕግ ሲታገድ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለብሶ የተገኘ ሰው ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ እንዲጋዝ ተደንግጎ ነበር። የታገደው ግን የሴት ነው ተብሎ አይደለም፤ ያመፁ ወንዶች ልብስ ስለነበር ነው። ፊጂ ውስጥ ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን የተቀበለ ወንድ አንዱ መለያው ሱሉ የሚባለው ጉርድ ነበር።

ታዲያ ሕጉ የሚከለክለው ምንድን ነው? መለዋወጥን። ወንድ ሴት መስሎ፣ ሴትም ወንድ መስላ፣ ፈጣሪ የሰጠውን መካድን። ኪልት የለበሰን ሰው ያየ ሁሉ ወንድ መሆኑን ያውቃል። አንተም እንዳልከው ከሆነ፣ ጨርቁ በቅርጹ ብቻ አያረክስህም። ሴት መስለህ ለመታየት ከሆነ ግን ጥቅሱ አንተኑ ይመለከታል፤ እዚህ ላይ አላባብልህም።

አሁን «እግዚአብሔር ልብን ያያል» ወዳልካት ልምጣ። ይህችን ቃል ስንቱ መሸሸጊያ አደረጋት! የተነገረችው ለሳሙኤል ነው፤ የኤልያብን ቁመና አይቶ ንጉሥ ሊቀባው ሲል (1ሳሙ. 16፥7)። ደግሞ ከፊቷ «ሰው ፊትን ያያል» የሚል አለ። ሰው የሚያየው ውጪህን ከሆነ፣ ለሚያይህ ወንድምህ ማሰብ ያንተ ፋንታ ነው። ጳውሎስ መብሉ እንደማያረክሰው እያወቀ፣ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ አልበላም አለ (1ቆሮ. 8፥13)። በቅዳሴ መሀል የሰው ዓይን ከመንበሩ ወደ ጉርድህ ከዞረ፣ ለጥቂት ሰዓት ሱሪ ብታደርግ ምን ይቀርብሃል? እውነቱን ንገረኝ፣ ምቾት ነው ወይስ እልህ?

እኚያ አባትም ተሳስተዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው፣ የጋንግራ ጉባኤ የሚባለው የጳጳሳት ጉባኤ፣ ሴት በምናኔ ሰበብ የወንድ ልብስ እንዳትለብስ አውግዟል። ይህን የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው። ከሱ በፊት ያለውን ቀኖና ግን ዘለው ያልፉታል፤ የምናኔ ልብስ መልበሱ ያጸደቀው መስሎት፣ እንደ ሰው የለበሰውን የሚንቅ የተወገዘ ይሁን ይላል። ቅር ካላቸው ለካህን ነግረው ያስመክሩህ ነበር እንጂ ከደጅ አይመልሱህም ነበር።

የፊታችን እሑድ ሂድ። ሱሪህን ልበስ። በሌላው ቀን ስለምትለብሰው ከንስሐ አባትህ ጋር ተቀምጠህ ተነጋገር፤ ኑሮህንና ቤተሰብህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ደግሞ፣ እኚያን አባት በዓይንህ ፈልጋቸውና ጎንበስ ብለህ እጅ ንሣቸው።