ቅጣቱ በዛ ወይስ ሕገ መንግሥት ጣሰ? የድሬዳዋና የሐረር ጥያቄዎች

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ወንድሜ 12 ዓመት ጽኑ እሥራት ተፈርዶበታል። ሕገ መንግሥቱ ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት ይከለክላል ብለን ይግባኝ ብንጠይቅ ያዋጣናል?

ያ ብቻውን አያዋጣም። አንቀጽ 18 የሚከለክለው ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝንና ቅጣትን ነው፤ ግርፋትንና ማሰቃየትን ማለት ነው። «ዓመቱ በዛ» የሚለው ክርክር ቦታው ወንጀል ሕጉ ላይ ነው። ጽኑ እሥራት በመደበኛው ከ1 እስከ 25 ዓመት ሲሆን፣ አንቀጽ 82 ማቅለያዎችን፣ አንቀጽ 84 ማክበጃዎችን ይዘረዝራል። ዳኛው እነዚህን የሚያሰላው በቅጣት አወሳሰን መመሪያው እርከኖች፣ ማለትም የቅጣት ደረጃዎች ነው።

ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭ ይዛችሁ በእርሳስ አስምሩ። መነሻው የትኛው እርከን ነው? ለየማቅለያው ስንት እርከን ወረደ? የቀድሞ መልካም ጠባዩና መጸጸቱ ቀርቦ ፍርድ ቤቱ በዝምታ ካለፈው፣ የይግባኛችሁ ሥጋ እሱ ነው። «ቅጣቱ ከብዶብኛል» የምትል አንድ መስመር ግን ሚዛን አትደፋም።

ቀኑ ያለፋቸው ብዙ ናቸው። የፍርዱን ግልባጭ ለማግኘት ማመልከቻው በ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ ግልባጩ በደረሰ በ30 ቀን። ቤተሰብ «ግልባጩ ገና አልተተየበም» ተብሎ በቃል ሲመላለስ 15ቱ ቀን ያልቃል። ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ቀን ያለበት ማኅተም አስመቱ።

ከገንደቆሬ፦ ይግባኝ ለማለት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብን?

የፈረደው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሆነ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ችሎት እዚሁ ድሬ አለ። ከፍተኛው ከሆነ የፈረደው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሐረር ላይ ግን የይግባኙ መሰላል የክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው።

ከጀጎል፦ የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም እንዴ?

አንቀጽ 15 ራሱ በር ትቶለታል፦ በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል ምክንያት ካልሆነ በቀር ማንም ሕይወቱን አያጣም ይላል። የ1996ቱ ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 በሩን ያጠብባል። ወንጀሉ ፍጻሜ ያገኘ፣ አድራጊው በተለይ አደገኛ፣ ድርጊቱን ሲፈጽምም 18 ዓመት የሞላው፣ ማቅለያም የሌለው መሆን አለበት። ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም፤ በአደባባይ መስቀልም የለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ደግሞ ሰዎች የሚዘነጉትን ነገር ይዟል። ማሰቃየትን ጨምሮ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ይርጋም ምሕረትም ይቅርታም የለውም፤ ሆኖም ርዕሰ ብሔሩ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. የ23 የደርግ ባለሥልጣናት ሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጧል።

ከከዚራ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ እንደ አዋቂ ይዳኛል?

የሚቆጠረው ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ከ15 በላይ ከ18 በታች የሆነ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። የልደት ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ገና ከመጀመሪያው ቀጠሮ ያቅርቡ። የሐኪም ምርመራ ዕድሜን በግምት እንጂ በቀን አይናገርም።

ከመጋላ፦ ቅጣቱን የደነገገው አዋጅ ራሱ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ቢሆንስ?

እኛ ዘንድ የመጨረሻው ቃል የፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩ በቅድሚያ 11 አባላት ወዳሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል። ክርክሩን ግን ፍርድ ቤት እያላችሁ አንሱት፤ የአዋጁ የትኛው ቁጥር ከሕገ መንግሥቱ የትኛው አንቀጽ ጋር እንደሚጋጭም ለዩ። ቅጣቱ በአዋጁ ልክ ውስጥ ሆኖ ለእናንተ ብቻ ከከበደ ግን ይህ መንገድ የእናንተ አይደለም፤ ተመልሳችሁ ይግባኝ በሉ።

ከደቻቱ፦ 9 ዓመት የተፈረደበት መቼ ይወጣል?

አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በገደብ መፈታት፣ የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ሲፈጸም ነው፤ ማለትም 6 ዓመት። ለዕድሜ ልክ 20 ዓመት። ከፍርዱ በፊት 1 ዓመት ከ2 ወር ታስሮ ከነበረ የሚቀረው 4 ዓመት ከ10 ወር ነው። ግልባጩ ላይ «ከታሰረበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ» የሚለውንና ቀኑን ፈልጉ፤ ቀኑ ከተሳሳተ ማረሚያ ቤቱ የሚቆጥረው የተጻፈውን ነው፤ ፈጥናችሁ የፈረደውን ችሎት እርማት ጠይቁ። አመክሮ በራሱ አይመጣም፤ መልካም ጠባይም፣ እንደ አቅም የተበዳዩን ጉዳት መካስም ይታያል።

ከሐረር፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንቀጽ 18 ይታገዳል?

አይታገድም። አንቀጽ 93 ከማይነኩት ጋር በስም ጠርቶታል።