ለአንጎል ተመራማሪ መጀመሪያ ምን እንግዛለት? ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። ሥራዬ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ነው። በዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ውስጥ ፕሮፖዛል አዘጋጃለሁ፣ በጀት እሠራለሁ፣ ከገንዘብ ሰጪዎች ጋር እጻጻፋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን አንጎልና ነርቭ የሚያጠኑ ልጆቻችን ገንዘብ ሲያገኙም ሲያጡም አብሬያቸው ነበርኩ። ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ወባና ቲቢ ባለበት አገር ለአንጎል ምርምር ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንም?

አይሆንም። ቡታጅራን እናስታውስ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እዚያ ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት ዞረው ከ60,000 በላይ ሰው አጠኑ። 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ የታወቀ ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚበዙት የሚጠቀሙት ፀበል፣ የባህል መድኃኒትና ክታብ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ውድ መድኃኒት አይደለም። ግን ለስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይቆጥር ማን ያዘዋል? ጓያም እንደዚሁ ነው። በችግር ጊዜ ጓያ ብቻ በልቶ እግሩ የተያዘውን ገበሬ እኛ ካላጠናነው ሌላው ዓለም ጉዳዬ አይለውም።

ጋሼ፣ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) ነኝ። ቀን ዋርድ፣ ሌሊት ዱቲ። ምርምሩን መቼ ልሥራው?

ከተላኩልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ሰው «ምን ጎደላችሁ?» ሲባል ቶሎ ማሽን ይጠራል። እኔ ባየሁት ግን ተመራማሪ ከምንም በላይ የሚያጣው ጊዜ ነው። ሐኪሙ ጠዋት በሽተኛ ያያል፣ ከሰዓት ያስተምራል፣ ማታ የቤት ኪራዩን ለመሙላት የግል ክሊኒክ ይሄዳል። ዳታውን የሚከፍተው እሁድ ከሰዓት፣ ዓይኑ እየተከደነ ነው። የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ገና የቅርብ ጊዜ ነው። ያሉን ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም በሽተኛ ይፈልጋቸዋል፤ ልክም ነው።

ስለዚህ በጀት ስትሠሩ መጀመሪያ ጊዜ ግዙ። የዋናው ተመራማሪ ደመወዝ የተወሰነው ክፍል ከፕሮጀክቱ ይከፈል፤ ያኔ የማታውን ክሊኒክ ይተዋል። እሱ በሌለበት ቀን በሽተኛ የሚያይ ሐኪም ከፕሮጀክቱ ይቀጠር። ተሳታፊ የምትመዘግብና ቀጠሮ የምትከታተል አንድ ጎበዝ ነርስ ትኑር። ከዲፓርትመንት ኃላፊው ደግሞ ደብዳቤ ያዙ፦ «ማክሰኞና ሐሙስ የምርምር ቀን ነው» የሚል፣ ማህተም ያለው። በቃል የተሰጠ ቀን ዋርዱ ሲጨናነቅ ይወሰዳል። ብዙ ገንዘብ ሰጪዎችም ይህን ደብዳቤ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ለአንተ ለሬዚደንቱ ግን፣ ወንድሜ፣ አሁን ትልቅ ነገር አትጀምር። የመመረቂያ ጥናትህን ዕለት ተዕለት ከምታያቸው በሽተኞች አውጣ።

ምንም የታተመ ሥራ የለኝም። ማን ገንዘብ ይሰጠኛል?

ከትንሹ ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት፣ ኢብሮ የሚባለው፣ አፍሪካ ውስጥ ሥልጠናዎችን ይደግፋል፤ ለወጣቶች የጉዞ ድጋፍም አለው። ሶና የሚባል የአፍሪካ የኒውሮሳይንስ ተመራማሪዎች ማኅበርም አለ። ትሬንድ ኢን አፍሪካ ደግሞ ያሠለጥናል፣ መሣሪያም ያከፋፍላል። ትንሽ ገንዘብ ወስደሽ ሥራውን ጨርሰሽ፣ ሒሳቡንም በደረሰኝ ዘግተሽ ስታስረክቢ ቀጣዩ ሰጪ ያንን ያያል። የአሜሪካው የጤና ምርምር ማዕከል፣ ፎጋርቲ፣ ለታዳጊ አገር ተመራማሪዎች ያለው ድጋፍ ከዚያ በኋላ፣ ጥሩ አማካሪ ይዘሽ የምትሞክሪው ነው። ለንባብ ደግሞ ሂናሪ አለ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጆርናል በነፃ ያገኙበታል።

የአሜሪካ ገንዘብ ቆመ ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሚያዝያ 2017 ላይ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፈውን ገንዘብ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ አዲስ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ማዕከሉን በአንድ ምሰሶ አታቁሙት። የአውሮፓውንም፣ የዩኒቨርሲቲውን የራሱን የምርምር በጀትም ሞክሩ። እዚሁ ከተማችን መቀመጫው የሆነው የአፍሪካ ኅብረት አባል አገራት ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር ሊመድቡ ተስማምተዋል። ይህን ቃል ደጋግመን ማስታወስ አለብን፤ እኔ በየስብሰባው አነሳዋለሁ።

ኢኢጂ ማሽን (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ) በእርዳታ ልናገኝ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፊት በሠራሁበት ቦታ ዓርብ ማታ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን የነበረበት የናሙና ፍሪዘር ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ሁሉም ቀልጦ ነበር። የአንዲት ተማሪ የሁለት ዓመት ልፋት ነበር። ያን ቀን ፊቷን አይቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ማሽኑን ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ኤሌክትሮዱና ጄሉ ሲያልቅ ከየት ይመጣል? መብራት ሲሄድ በምን ይሠራል? ቅዳሜ ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማነው? ለዚህ ሁሉ በጀት ውስጥ መስመር ይኑረው። ግዢ ካለ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሩት። ሦስት ፕሮፎርማ፣ የጨረታ ኮሚቴ፣ ጉምሩክ እያለ ዓመት ይሄዳል።

በጀታችን በዶላር ነው፣ የምናወጣው በብር። እንዴት እናድርግ?

ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 1 ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ቀድመው ሁሉን ወደ ብር የቀየሩ ፕሮጀክቶች ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) መግዣ አጠራቸው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃን ሰጪው በቀጥታ ለአቅራቢው ቢከፍል ይሻላል። የሠራተኛ ደመወዝ በየዓመቱ ጭማሪ ይኑረው። ኑሮው ሲወደድ መጀመሪያ የሚለቁት ዳታ ሰብሳቢዎቹ ናቸው።

የደም ናሙናና የአንጎል ምስል ውጭ አገር መላክ እንችላለን?

ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ያለ ናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት አይቻልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ስምምነቱ ላይ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የእኛ ሰው ትንተናውን እዚያው ተቀምጦ ይማር፣ ስሙም ጽሑፉ ላይ ከፊት ይሁን።

በግራንቱ (በተሰጠኝ የምርምር ገንዘብ ጊዜ) መሃል ብወልድስ?

እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ልጀምር። ቀድመሽ ጻፊላቸው። ብዙ ሰጪዎች ያለ ተጨማሪ ገንዘብ ጊዜ ያራዝማሉ።

ልጄ፣ እኔ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እናት ነኝ። ሀብታም አይደለሁም። 5,000 ብር ባዋጣ ይጠቅማል?

እናቴ፣ በጣም ይጠቅማል። ከክፍለ ሀገር ለክትትል የሚመጣ ሰው መርካቶ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ጥቁር አንበሳ እስኪደርስ የታክሲ፣ የምሳ፣ አንዳንዴም የአልጋ ያስፈልገዋል። ያንን ሲያጣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ይቀራል፤ ጥናቱም ይጎድላል። ብሩን ለግለሰብ አይስጡ። በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ያስገቡ፣ «ለተሳታፊዎች መጓጓዣ» ብለው ያጽፉ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ። ከቻሉ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጥያቄ ሲያዘጋጁ አብረው ይቀመጡ። ልጁ ከወደቀ በኋላ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም።